በዳዴ የተካሄደ ፍተሻ

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በስምንት ዓመቴ፣ በዳዴ ስሄድ ነው። ቦታው ቤይሩት፣ ባዳሮ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የማዳም ጆስሊን ቤት ነበር። ማዕረጌ "ኢንስፔክተር"፤ መሣሪያዬ ሮዝ ሽፋን ያለው ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ቀያይ ክብ ተለጣፊ ወረቀቶች። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሊፍት ደኅንነት መርማሪ ነኝ። ብዙ ሕንፃ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቤት ከአደጋ የተጠበቀ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እናቴ ዓለምነሽ ቀን ቀን እዚያ ቤት ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ ሕፃኑን ጆርጆን ትይዛለች። ሲመሽ ናባዓ ወደምትገኘው አንዲት ክፍላችን ትመለሳለች። ስሟ ለማዳም ስለረዘመባት እዚያ ቤት "ዓሊያ" ነበረች። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቷ፣ የተያዘው በማዳም ስም ነው፤ ማዳም "በቃኝ" ካለች እናቴ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን አገሩ ውስጥ የመቆየት መብቷንም ታጣለች። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ጆርጆ አሥር ወሩ እንደሆነ ነው። ወንድሜ መሳይም አሥር ወሩ ነበር፤ ሁለቱ እኩያ መሆናቸው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጆርጆ ሕፃን ነበር፤ መሳይ ደግሞ መሳይ።

መሳይ የሚውለው የሺ ዘንድ ነው። የሺ ከእኛ ክፍል ሥር ባለው ክፍል የአምስት እናቶችን ልጆች ትይዛለች። ክፍሉ ውስጥ አንድ የብረት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ የተቀመጠበት አንድ የብረት ጠረጴዛና በር አጠገብ ክዳኑ የወለቀ ሶኬት አለ። ልጆቹ የሚድሁት በእነዚህ መካከል ነው። መሳይ ግንባሩ ላይ ሁለት ጠባሳ ነበረው፤ አንደኛው ገና አልሻረም። ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቅ እናቴ "ጠረጴዛው ነክሶት ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሺ ክፍል ገብቼ አላውቅም። መሳይን ሁልጊዜ የምታመጣው እናቴ ነበረች።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔን ወደ ባዳሮ ይዛኝ ትሄዳለች። መሳይንም ይዛ ለመምጣት አንድ ቀን ማዳምን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

"ዓሊያ፣ ሀቢብቲ፣" አለች ማዳም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ያኒ፣ ማለቴ፣ ይኼ ቤት ለሕፃን አደገኛ ነው። እኔ ለራሴ ልጅ ፈርቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሰው ልጅ ላይ እንዴት እፈርዳለሁ?"

"እሺ ማዳሜ፣" አለች እናቴ።

ማዳም ለመሳይ እንዲህ ማሰቧ ልቤን ነካው።

በሳምንቱ ሙሴ ፓትሪክ መጣ። ሙሴ ፓትሪክ ቤቶችን ለሕፃናት አስተማማኝ የሚያደርግ ባለሙያ ነው፤ ቢያንስ ቦርሳው ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ሱሪው በጣም ስለተተኮሰ ሲቀመጥ እንኳ መስመሩ አልተሰበረም። ሳሎኑን በዓይኑ ዞረና ራሱን ነቀነቀ።

"ማዳም፣ እኛ ቆመን ስለምናይ አደጋው አይታየንም። አንድ ሰው መሬት ወርዶ፣ በልጁ ቁመት፣ በዳዴ ቤቱን ሁሉ መዞር አለበት። ያገኘውን ሁሉ መንካት፣ መሳብ፣ መቅመስ አለበት።"

ማዳም ነጩን ሱሪዋን አየች። ሙሴ ፓትሪክ የራሱን አየ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩ።

"ትንሽ ትልቅ አይደለችም?" አለ እሱ።

"ኤዶም ምግብ ያንሳታል፣" አለች ማዳም። "ቁመቷ ይበቃል።"

እንዲህ ተሾምኩ። ሳሎኑን፣ ሦስቱን መኝታ ቤቶች፣ ኮሪደሩን፣ ወጥ ቤቱንና ሁለቱን መጸዳጃ ቤቶች በዳዴ ዞርኩ። ከሶፋው ሥር ገባሁ። የመብራቱን ገመድ ሳብኩ። የቴሌቪዥኑን መደርደሪያ ጥግ በምላሴ ቀመስኩ፤ የእንጨት መወልወያ ዘይት ጣዕም አለው። አደጋ ባየሁበት ሁሉ ቀይ ክብ ለጠፍኩ። ማዳምና ሙሴ ፓትሪክ ቆመው ይከተሉኛል፤ አንዳንዴም "ብራቮ" ይሉኛል። አርባ ሦስት አደጋ ቆጠርኩ። ወጥ ቤት ስደርስ እናቴ የረጠበ እጇን ከሰውነቷ አርቃ ቆማ አየችኝ።

"ጉልበትሽን፣" አለች።

ሹመቴ ከብዷት ነው አልኩ በሆዴ። እሷ እዚያ ቤት አራት ዓመት ሠርታ "ኢንስፔክተር" ያላት ሰው የለም። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያች ሰዓት ጉልበቴ መድማቱን ያየች እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ዕቃው መጣ። የሶኬት መክደኛ፣ የበር ማገጃ፣ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ጥግ የሚለጠፍ ነጭ ስፖንጅ። ስፖንጁ አርባ ነበር፤ ሠላሳ ስድስቱ ተለጠፈ፣ አራቱ ከነካርቶኑ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፍኩለት። ማንም አላዘዘኝም፤ ቁጥር የሌለው ነገር ሲጠፋ አይታወቅም ብዬ ነው። የዚህች ሐሳብ ዋጋ በኋላ ተከፈለ።

የሙሴ ፓትሪክ ኩራት ግን ቁልፎቹ ነበሩ። በቁም ሳጥኑ፣ በማቀዝቀዣው፣ በወጥ ቤቱ መሳቢያዎችና በሁለቱም መጸዳጃ መቀመጫዎች ላይ ገጠማቸው። ለመክፈት ሁለቱን ጎን እኩል መጫን፣ ወደ ውስጥ ትንሽ መግፋት፣ ከዚያ ሳይለቁ መሳብ ያስፈልጋል።

"የትኛውም ሕፃን አይከፍታቸውም፣" አለ።

የትኛውም ትልቅ ሰውም አልከፈታቸውም። ማዳም ረጅም ጥፍር ስለነበራት ሁለቱን ጎን እኩል መጫን አልቻለችም። ሚስተር የምንለው ባሏ ማታ መጥቶ አንዱን መሳቢያ በጉልበት ሲስበው እጀታው እጁ ላይ ቀረ። ከተራራ ሰፈር ለወር የመጡት እናቱ፣ ተይታ ኦዴት የምንላቸው አያት፣ ጣታቸውን ሪህ ይዞታል። በመጀመሪያው ቀን የከፈተቻቸው እናቴ ብቻ ናት፤ አንዴ አየችና ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው፦ "ዓሊያ፣ ስኳር።" "ዓሊያ፣ ያላ፣ ማቀዝቀዣውን።" ተይታ ኦዴት ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ "ዓሊያ፣ ልጄ፣ ቶሎ" ይላሉ። እናቴ ሥራዋን ጥላ ትሄዳለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትከፍታለች፣ ትመለሳለች። ጀርባዋን ለምን እንደምትሰጥ ያኔ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ፍተሻ አደርጋለሁ። በሁለተኛው ማክሰኞ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ ቁጥር 17 አልነበረም። ሦስቴ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ሄጄ ለማዳም ሪፖርት አደረግኩ።

ማዳም ጆርጆን ብድግ አድርጋ አፉን ከፈተች። ባዶ ነው። ሙሴ ፓትሪክ ጋ ደወለች፤ እሱም ስፖንጁ ሲጨመቅ ትንሽ እንደሚሆን፣ ሕፃን ሊውጠው እንደሚችል ነገራት። ጆርጆ እየሳቀ ወደ ሐኪም ተወሰደ። ራጅ ተነሣ። ራጁ ምንም አያሳይም፤ ሐኪሙ ግን ስፖንጅ በራጅ ስለማይታይ ይህ ምንም ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳ። ሦስት ቀን ዳይፐሩን መከታተል ነው የሚሻለው አለ።

የምትከታተለው እናቴ ነበረች። ጓንት አጥልቃ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ፣ እያንዳንዱን ዳይፐር በአሮጌ ሹካ እያገላበጠች ትፈትሻለች። ማዳም አፍንጫዋን ይዛ ከመስታወቱ ማዶ "አለ?" ትላለች።

"የለም ማዳሜ።"

"ደህና አድርገሽ እይ፣ ዓሊያ። የልጄ ሕይወት ነው።"

"እያየሁ ነው።"

በዚያ ሦስት ቀን እናቴን እንደ ሥራ ባልደረባ አከበርኳት። ሥራ ማለት ይኼ ነው አልኩ፤ የማይገኝ ነገር ቢሆንም መፈለግ። ዛሬም ሠራተኞቼን ሳሠለጥን ያ በረንዳ ፊቴ ይመጣል፤ እሷ ግን የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እናቴ በረንዳው ላይ ሆና "ወጣ" አለች። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቁጥር 17 ነበር። ማዳም አለቀሰች፤ ተይታ ኦዴት አማተቡ። እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። የጥርስ ምልክት የለውም፣ ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ትንሽ ብቻ ነው የደበዘዘው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "17 በጆርጆ ሆድ ውስጥ አልፎ ጉዳት አልደረሰበትም። ጠንካራ ዕቃ ነው።"

"ኸላስ፣ ጣዪው፣" አለች ማዳም። እናቴ ከረጢቱን ቋጥራ ወሰደችው።

ቅዳሜ ማታ እናቴ በአንድ እጇ የጋዝ ሲሊንደር፣ በሌላው አትክልት ይዛ ስለነበር መሳይን እንዳመጣ የሺ ክፍል ላከችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ግቢ እንጂ፣" አለች የሺ፣ አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን እያጎረሰች። "ምን ይገትርሻል?"

"ጠረጴዛው ይነክሳል።"

"ድሮ ቀረ። አፉን ዘጋንለት።"

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው ላክሁ። በአራቱ ጥግ ነጭ ስፖንጅ ተለጥፏል፦ 37፣ 38፣ 39፣ 40። የብረት አልጋው አንድ ጥግ ላይ፣ በመሳይ ግንባር ልክ፣ 17 አለ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሶኬቱ ላይም እንደ ማዳም ቤት ያለ መክደኛ ተደርጓል።

"ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት፣ በኢንስፔክተር ድምፅ።

"የአልጋው? ባለፈው ሰኞ ማታ። ከዚያ ሐሙስ ማታ እናትሽ ነቅላ ወሰደችው፣ ለአንድ ቀን ልዋሰው ብላ። ዓርብ ማታ አጥባ መለሰችው። ምን እንዳደረገችበት እንጃ፣ አሁንም በረኪና በረኪና ይላል።" ሳቀች። "ይኸው ወንድምሽ ግንባሩ ከተመታ ስድስት ቀኑ።"

በቅጡ አሰብኩበት። ማዳም ለመሳይ እንደምታስብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቤቷን አስተማማኝ ካደረገች በኋላ ፕሮግራሙን ወደ ናባዓ አስፋፍታለች ማለት ነው። ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። ደስታዬ ልክ አጣ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ እሷ የሥራ ኃላፊዋ ስለሆነች ታውቃለች ብዬ።

ማክሰኞ ሙሴ ፓትሪክ የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። በወርቃማ ክፈፍ ውስጥ፣ ይህ ቤት ለሕፃን አስተማማኝ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ማዳም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስታስለካ፣ ተይታ ኦዴት ሶፋው ላይ ሎሚናት ይጠጣሉ፣ እናቴ ትሪ ይዛ ቆማለች። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ምስጋና ማቅረብ ተገቢ መሰለኝ።

"መርሲ ማዳም፣" አልኩና በዓረብኛ ቀጠልኩ። "ለመሳይ ስለላክሽው ስፖንጅ። 37፣ 38፣ 39 እና 40 ጠረጴዛው ላይ ናቸው። 17 አልጋው ላይ ነው።"

ማዳም ዞረች። "17 ተጥሏል።"

"አልተጣለም። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ናባዓ ነው ያለው። ሐሙስ ማታ ብቻ እማዬ ተዋሰችው፣ ዓርብ ለጆርጆ ስላስፈለገው። ወዲያው መለሰችው።"

ማዳም በጣቷ ቀኖቹን ስትቆጥር አየሁ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ራጁ፣ ዳይፐሮቹ። ሙሴ ፓትሪክ የምስክር ወረቀቱን ክፈፍ በመሃረብ መጥረግ ጀመረ።

መጀመሪያ የሳቁት ተይታ ኦዴት ናቸው። ለምራታቸው ብዙም ፍቅር አልነበራቸውም። "ሦስት ቀን፣" አሉ እየተንፈቀፈቁ፣ "ሦስት ቀን ሙሉ ሐኪሙ፣ ራጁ፣ ሹካው..." ሎሚናቱ ትን አላቸው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። "ዓሊያ፣ ልጄ፣ ቶሎ።"

እናቴ ትሪውን አስቀምጣ ሄደች፣ ከፈተችላቸው፣ ተመለሰች። ማዳም በሩን እያሳየቻት ነበር።

"ነገ እንዳትመጪ። ስለ ወረቀትሽ ሚስተር ቢሮ ይሄዳል።"

ሚኒባሱ ቡርጅ ሐሙድ ድልድይ ላይ ሲደርስ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣

"ቁጥር ማን ነው ያስተማረሽ?" አለችኝ።

"አንቺ።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው እንግዲህ።"

እንዳመሰገነችኝ ቆጥሬ እጇን ያዝኩ። እሷም አለቀቀችኝም።

ረቡዕን ቤት ዋልን። እናቴ ትልቁን ቦርሳ አውርዳ ልብሳችንን አጣጠፈች፤ እኔ ለጉዞ ነው ብዬ ደብተሬን ከላይ አኖርኩ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታወራ የማዳም ንግግር ለእኔም ይሰማል።

"ዓሊያ፣ አንድ ነገር ብቻ። የመጸዳጃው ቁልፍ፣ ያኒ፣ መጀመሪያ የሚጫነው የቱ ነው?"

እናቴ አጣጥፋ የያዘችውን የመሳይ ሹራብ አስቀመጠች።

"በአፍ አይነገርም ማዳሜ። የእጅ ነገር ነው።"

"ሙሴ ፓትሪክ ቆጵሮስ ነው፣ ስልክ አያነሣም። ብንሰብረው ዋስትናው ይቀራል። ተይታ ከትናንት ጀምሮ ጎረቤት ቤት ነው የሚሄዱት፤ ዛሬ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወጥተዋል።" ከጀርባ የከዘራ ምት ይሰማል። "ታክሲ ያዢ።"

"ልጆቹን የሚይዝልኝ የለም።"

የሺ ከታች ነበረች፤ ስትዘፍን ይሰማል። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ የሺ ሥራ ለቅቃ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ።

"ኤዶምን ይዘሻት ነይ።"

"መሳይም አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። ቤቱ አስተማማኝ መሆኑ እኮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።"

ከዚያ ስልኩ ከእጇ የተነጠቀ መሰለኝ፤ የመጣው የተይታ ኦዴት ድምፅ ነው።

"አምጪው ልጄ። አሥርም ቢሆኑ አምጪያቸው። ብቻ ነይ።"

መሳይ በእናቴ ጀርባ ታዝሎ ባዳሮ ገባ። ማዳም በሩን ከፍታ ወደ ጎን ሆነች። እናቴ በቀጥታ ኮሪደሩን አልፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከነልጁ ጎንበስ ብላ ከፈተች። ተይታ ኦዴት ገቡ። ስለ ወረቀት ያነሣ ሰው አልነበረም፤ በኋላም አልተነሣም። ማዳም ስለ 17 የተናገረችው በሩ ላይ የቆመች ጊዜ ብቻ ነው፤ "ናባዓ የደረሰውን አልፈልግም፣ እዚያው ይቅር" አለች። አሁንም ቸርነቷ ደነቀኝ።

እናቴ መሳይን ወለሉ ላይ አወረደችው። እኔ ደብተሬን ከፍቼ ተከተልኩት። የሺ ክፍል እንደለመደው አንገቱን ሰብሮ፣ ግንባሩን ለምት አዘጋጅቶ ነበር የሚሄደው። ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ሶፋ ሄደ። የነካው ሁሉ ለስላሳ ነው። በመጨረሻ አንገቱን ቀና አድርጎ መዳህ ጀመረ።

ወጥ ቤት ገባን። እናቴ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አትክልት እያወጣች ነበር። መሳይ በረኪናው ወዳለበት ከመታጠቢያው ሥር ወዳለው ሳጥን ሄደ። ቁልፉን ትንሽ አየው። በአንዱ ጎን መዳፉን አሳረፈ፤ በሌላው ጎን ሁለት የታች ጥርሶቹን። ነከሰው፣ በግንባሩ ገፋ አደረገው፣ ሳይለቅ ወደ ኋላ ተቀመጠ።

ተከፈተ።

ሰዓቱን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን ሳነሣ እናቴ ደርሳ ነበር። ወደ ኮሪደሩ አየች። ሳጥኑን በእግሯ ዘጋችው፣ መሳይን አነሣችው፣ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሚያለቅስ ሰው መስላኝ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነው።

"አትጻፊው፣" አለችኝ በሹክሹክታ።

ገባኝ። ብልህ ሕፃን ለሰው ዓይን አይሰጥም፤ ማዳም ካየችው ቡዳ ይበላዋል ብላ ፈርታ ነው። ለወንድሜ ስል እስክሪብቶዬን ክዳኑ ውስጥ መለስኩ። እናቴ የፈራችው ቡዳን እንዳልነበረ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ የመጀመሪያውን ሊፍት ስመረምርና ባለሕንፃው በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደምጽፍ ሲጠባበቅ ነው፤ የተጻፈ ቁልፍ ይቀየራል፣ የተቀየረ ቁልፍ ደግሞ እናቴን አይፈልግም።

መሳይ እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ዋለ። ሦስተኛ ጠባሳ የለውም። ደብተሩ ዛሬም እኔ ጋ አለ። በዚያ ሐሙስ ገጽ ላይ፣ በስምንት ዓመት ልጅ ፊደል፣ "ቁልፎች፦ ሁሉም ደህና። ሕፃን አይከፍታቸውም" ይላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አይቼ ያልጻፍኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ፈርሜበታለሁ።